ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ የያዝነው አሮጌ ጨዋታ

ሰላም ለሁላችሁም። ልጆች ይዘን አገር ቤት ስንገባ መሰልቸታቸውን በምን እናስታግስ ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፣ መልሴ ሳያስቅሽ አይቀርም፦ በጌም ቦይ፣ በእጅ በሚያዝ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ።

ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር፤ እኔ ተቃውሜያለሁ። ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ታብሌት ስትነካካ ያደገች ልጅ፣ አራት ዓይነት ግራጫ ብቻ በሚያሳይና ብርሃን እንኳ በሌለው ትንሽ መስኮት ላይ ዓይኗን ታፈጣለች ብዬ አላመንሁም። ጨዋታው ዜልዳ ከሚባሉት ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታዎች አንዱ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሊንክስ አዌክኒንግ» ነው። መርከቡ የተሰበረበት ወጣት በማያውቀው ደሴት ይነቃል፤ ከዚያ ለመውጣት ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ በተራራ አናት ላይ እንቁላል ውስጥ የተኛውን የነፋስ ዓሣ መቀስቀስ አለበት። ለእኛ ለስደተኞች የተጻፈ ይመስላል።

ጎንደር በገባን በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ታብሌቱም ዘጋ። ልጅቷ ምርጫ ስታጣ ጌም ቦዩን ይዛ መስኮቱ ሥር ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እናቴ ደግሞ ዝም ብላ የምታይ ሰው አይደለችም። «ይኼ ሰውዬ አሁን ወዴት ነው?» ትላለች። ከ«እሺ» እና ከ«አልፈልግም» የማያልፍ አማርኛ የነበራት ልጅ ማስረዳት ግድ ሆነባት። «አዞው የውሻ ምግብ ወሰደ፣ ሙዝ ሰጠኝ። ሙዙን ለጦጣ ሰጠሁ፣ ጦጣው ድልድይ ሠራ።»

«ጦጣ ድልድይ ከሠራማ የሰው ልጅ ምን ሠርቶ ይሙት!» አለች እናቴ።

አንድ ቀን ልጅቷ በጨዋታው ውስጥ ያለው ባለሱቅ ፊቱን ሲያዞር ጠብቃ ቀስት ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲያ የደሴቱ ሰው በስሟ ፈንታ «ሌባ» ይላት ጀመር፤ ተመልሳ ሱቁ ስትገባም ባለሱቁ ገደላት። እናቴ «ይበላት!» ብላ ፈረደች፤ ወዲያው ደንግጣ «አንቺን አይደለም፣ የኔ ዓለም» ብላ ሳመቻት። አራተኛው መሣሪያ በገና መሆኑን ስትሰማ ግን በደስታ እልል አለች።

ተቃዋሚውስ? ሁሉም ከተኙ በኋላ ሻማ አብርቼ ስጫወት ባለቤቴ ያዘችኝ። ከዚህ በላይ አልናዘዝም።

ስለ ባትሪ ለጠየቅኸኝ ወንድሜ፦ አራት ትንንሽ ድንጋይ ነው የሚወስደው፤ እኛ ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ ገዛን። ይልቅ ጨዋታው ያለበትን አሮጌ ካሴት ስትገዛ ተጠንቀቅ። የደረስህበትን የሚያስቀምጥልህ ካሴቱ ውስጥ ያለች ሌላ ባትሪ ናት፤ እርሷ ከሞተች ባጠፋኸው ቁጥር ከዜሮ ትጀምራለህ። ይህ ሁሉ ጣጣ ካስቸገረህ በ2019 እ.ኤ.አ. ስዊች ለሚባለው የጨዋታ መሣሪያ በአዲስ መልክ የወጣ አለ። የእኛ ካሴት እስካሁን ይዛለች፤ ሰባት መሣሪያ ተገኝቷል፣ የቀረው የመብረቅ ከበሮ ነው። እናቴ እሁድ እሁድ ስትደውል ከጤናችን አስቀድማ «ከበሮው ተገኘ?» ትላለች።