ሳላላ ያየሁት አውሎ ነፋስና የአባቴ ማሽላ፦ እውነት ይገናኛሉ?

የሐርቡ ልጅ፦
ሰላም የአገሬ ልጆች። አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

በ2010 ኦማን፣ ሳላላ፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ረመዳን ነው። ጁምዓ ለታ የፍጡር ሾርባ እያማሰልኩ ማዳም መጣችና «ኢዕሳር ዛሬ ማታ ይገባል» አለችኝ። ቃሉን አላውቀውም። አውሎ ነፋስ መሆኑ የገባኝ መስኮቱን በፕላስተር ስንለጥፍ ነው። መኩኑ ይሉታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። የውኃ ታንከሩ ከጣሪያ ሲወድቅ ቤቱ የተናደ መስሎኝ ልጆቹን አቅፌ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ሲነጋ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። የሙዙና የኮኮነቱ እርሻ መሬት ላይ ተኝቷል። እኔ ሳላላን የማውቃት በክረምቷ ካፊያ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ ወሎም አላየሁ።

አባቴ ጋ የደወልኩት በሦስተኛው ቀን ነው። እያለቀስኩ ነገርኩት። «ዝናብ ነው እንዴ የሚያስለቅስሽ? ትንሽ ለእኛም ላኪልን» ብሎ ሳቀ።

በ2012 ክረምት አገሬ ገባሁ። ጥቅምት 2013 ላይ ማሽላችን እሸት ይዟል፣ ደጋሊት የሚባለው ዘር ነው። አባቴ ማማው ላይ ወፍ ይጠብቃል። አስር ሰዓት ገደማ ከአፋር በኩል ደመና መጣ። ሮዝ ነው ቀለሙ። ቅርብ ሲደርስ እሳት ገለባ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር ድምፁ። እናቴ ድስት፣ እኔ ጀሪካን፣ ወንድሞቼ ጅራፍ ይዘን ወጣን። አባቴ በወንጭፉ ይወረውራል። አንበጣ ማታ አይበርም፣ እኛው ማሳ ላይ አደረ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ተነሳ። የቀረልን አገዳው ብቻ ነው። ከሳላላ በላክሁት ብር የተገዛው በሬ በዚያው ዓመት ተሸጠ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» እንዳለ ነው። ሰሞኑን ታዲያ አንድ ሰው «የተፈለፈለው በመኩኑ ዝናብ ነው» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው?

መርጫ ተሸካሚው፦
እህቴ፣ አባትሽን አላህ ይማራቸው። እኔ በዚያ ዓመት የመድኃኒት መርጫ ተሸክሜ ቃሉና ወረባቦ ወረዳን ስዞር ነበር።

የነገረሽ ሰው አልዋሸም፤ ግን ሙሉውን አልነገረሽም። መኩኑ ግንቦት 2010 ሳላላ አጠገብ ገባ። ጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የሚባል ሌላ አውሎ ነፋስ የየመንን ምሥራቅ መታ። የሁለቱም ዝናብ ዓረብ አገር ውስጥ ያለው ሩብ አል ኻሊ በረሃ ደረሰ። እዚያ አሸዋ መሃል ሐይቅ ተኛ። አንበጣ እንቁላሉን የሚቀብረው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው፤ ኩብኩባው ሲወጣ ደግሞ ለምለም ይፈልጋል። ሁለቱንም አገኘ። መኩኑ ያረጠበው መድረቅ ሲጀምር ሉባን መልሶ አረጠበው። አንድ ትውልድ 3 ወር ገደማ ይፈጃል፣ በየትውልዱም ወደ 20 እጥፍ ይራባል። 20 በ20፣ እንደገና በ20 አባዢው። 8,000 ነው። ሰው የማይኖርበት በረሃ ስለሆነ ማንም አላየውም። ከዚያ የመን ገባ። የመን ያኔ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ማን ይርጨው? በ2011 ክረምት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ እኛና ወደ ሶማሊያ መጣ። ኅዳር 2012 ፓዋን የሚባል አውሎ ነፋስ ሶማሊያን አርጥቦ እንደገና አራባው። እናንተ ማሳ ላይ ያረፈው የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው።

በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይኖራል። በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይጨርሳል። አባትሽ በወንጭፍ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር።

ከቆቦ፦
ሁሉንም ነፋስ ላይ አንጫነው ባይ ነኝ። መንጋው መኖሩ ከዓመት በፊት ይታወቅ ነበር። ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ፣ መሬት ላይ እየዘለለ እያለ ነው የሚረጨው። ከበረረ በኋላ ምን ዋጋ አለው? እኛ ጋ አውሮፕላን ያየነው ጤፉ ካለቀ በኋላ ነው። ያዳነን ከከተማ ማጭድ ይዘው የመጡት ልጆች ናቸው። እጃቸው ቆስሎ ሳለ የደረሰውን ጤፍ ከመንጋው ቀድመው አጨዱልን። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ደጃችን መጣ። ስለ አንበጣው የሚያወራ ሰው ጠፋ። እህቴ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል።

የሐርቡ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ወንድሜ መርጫ ተሸካሚው፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት።

ትናንት ቡና ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ሳላላን፣ በረሃውን፣ የመንን፣ ባሕሩን በቅደም ተከተል። ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም አለች። ከዚያ «ያኔ በስልክ ‹ላኪልን› ሲልሽ አጠገቡ ነበርኩ» አለችኝ። «ዝናቡን ነበር እኮ የለመነሽ።»