30 የማይተዋወቁ ሰዎችን ምን ላጫውታቸው?

ቅዳሜ የአዲስ በጎ ፈቃደኞች ትውውቅ አለ፤ ማሟሟቂያ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። 30 ሰው ይመጣል። ያለኝ 20 ደቂቃ፣ አንድ ማይክ እና ወንበሮቹ የማይንቀሳቀሱ አዳራሽ ነው።

ባለፈው ዙር «ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት» አጫወትኩ። አንዱ ስለ ራሱ ሦስት ነገር ይናገራል፣ ሌሎቹ ውሸቱን ይገምታሉ። ለትንሽ ቡድን አሪፍ ነው። ለ30 ሰው ግን አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢደርሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ገና ሳንጋመስ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ወሬ የሚወዱት ደግሞ ማይክ አንለቅም አሉ! በአምስት በአምስት ስከፍላቸው የሚተዋወቁት ተሰባሰቡ፣ ዓይን አፋሮቹ ጥግ ያዙ።

ሰው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ ማንም ብቻውን ማይክ ሳይጨብጥ፣ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ምን ጨዋታ ታውቃላችሁ?