ለብርዱ ወራት የግቢ ጌጥ፦ የሐረግ ጉንጉን ለምን ይላላል?

ጓሮዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በርና አጥር ላይ የሚሰቀል ጉንጉን ከሐረግ፣ ከጥድ ቅርንጫፍና ከፓይን ኮን (ቅርፊት ከደራረበው የፓይን ዛፍ ፍሬ) መሥራት እፈልጋለሁ። ፕላስቲክም ቀለምም እንዲገባበት አልፈልግም። ቅጠሉ ግን ቆይቶ ከቀለበቱ ይንሸራተታል፣ በሙጫ የተለጠፈው ኮንም ውርጭ ሲመታው ይወድቃል። ምን ይሻላል? ከበረዶ የሚሠራውን ፋኖስም የምታውቁ ካላችሁ ከነመጠኑ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሐረግ ጠምዛዥ፦
የሚላላው ሐረጉ በእርጥቡ ስለሚታሰር ነው። ሲደርቅ ይቀጥናል፣ የጠመጠሙት ሽቦም ይሰፋበታል። ስለዚህ ቀለበቱን ሠርተው ሳይደርቅ ቅጠል አያልብሱት።

ቅጠሉን ያራገፈ የወይን ሐረግ ጥሩ ነው። ከእርሳስ ያልወፈረ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚረዝም ይምረጡ፤ 30 ሴ.ሜ ስፋት ላለው ቀለበት 5 ወይም 6 ይበቃል። የመጀመሪያውን አክብበው ጫፉን በራሱ ላይ ያጠላልፉ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ይጠምዝዙበት። መነሻቸው አንድ ቦታ ከገጠመ እዚያ ጋ ያብጥና ክቡ ይጣመማል፤ አራርቀው ያስገቧቸው። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ሐረግ ውሃ ውስጥ ይደር። ያለቀውን ቀለበት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያድርቁት።

ሽቦና ፒንሳ፦
ወንድሜ ስለ ቀለበቱ ያለው ልክ ነው። ማሰሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ እቅፍ (አንድ ላይ ለሚታሰሩ ቅርንጫፎች) ሽቦ ይቆርጣል፤ የሚንሸራተተው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጥቅልሉ ሳይቆርጡ አንዱን ሽቦ እስከ መጨረሻው ይዙሩበት፣ ውፍረቱ 0.7 ሚ.ሜ ገደማ ይሁን። ቅርንጫፉ ግንዱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ካደረ በኋላ በ15 ሴ.ሜ ይቆረጣል። ሦስት አራቱን አንድ ላይ ይዘው ግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቀው ያስሩ፤ ቀጣዩ እቅፍ የፊተኛውን ግንድ እስኪሸፍን ይደረብ። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ቅጠል ሥር ይገባል።

ኮኑን በሙጫ አይለጥፉት። በሙቀት ቀልጦ የሚለጠፍ ሙጫ በብርድ ይደርቅና ይሰበራል፣ ኮኑም እርጥበት ሲያገኝ ስለሚዘጋ፣ ሲደርቅ ስለሚከፈት ሙጫውን ይገፋዋል። 25 ሴ.ሜ ሽቦ በታችኛው ቅርፊት መሐል አዙረው ይጠምዝዙ፣ በተረፈው ጫፍ ከቀለበቱ ጋር ያስሩት። ወቅቱ ሲያልፍ ሽቦውን ፈትተው ሌላውን ለብስባሽ ያውሉት።

ውርጭ፦
ፋኖሱን እኔ ልመልስ። 10 ሊትር የሚይዝ፣ ጥቂት የሚለጠጥ ባልዲ ይውሰዱ፤ የቆርቆሮ ባልዲ ውሃው ሲሰፋ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ ይሙሉበት፤ እስከ አፉ ግን አይሁን፣ 5 ሴ.ሜ ይጉደል። ውጭ፣ መሬት ላይ በተከመረ ለስላሳ በረዶ ወይም በእንጨት ላይ ያስቀምጡት፤ ከታች ብርዱ ስለማያገኘው መቀመጫው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ማየት ይጀምሩ። ግድግዳው 3 ወይም 4 ሴ.ሜ ሲሆን ባልዲውን ገልብጠው ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱበት (የፈላ ከሆነ በረዶው ይሰነጠቃል)። ወደ ላይ የዞረውን ቀጭን መቀመጫ ሰብረው ውስጡ የቀረውን ውሃ ይድፉ፣ ሻማውን አሸዋ ላይ ያቁሙ። ቀዳዳው ለእሳቱ አየር እንዲያስገባ ሰፋ ይበል። ብዙ ከቆየ መሐሉም ይረጋል፣ ያኔ አቅልጦ እንደገና መጀመር ነው።

ጓሮዬ፦
አመሰግናለሁ። ጉንጉኑ ላይ ቀይ ፍሬ ብጨምርስ?

ሽቦና ፒንሳ፦
የሚያውቁት ፍሬ ከሆነ ችግር የለውም። ከእነዚህ ፍሬዎች ለልጅና ለውሻ መርዝ የሆኑ አሉ፤ ያልለዩትን ይተዉት፣ የለዩትንም ልጅ እጅ ከማይደርስበት ይስቀሉ።