ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የውፍረት መከላከል ሥልጠና በኦንላይን፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

ዘጮቄ (ጥያቄ)
ጤና ይስጥልን። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ላሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ስለመከላከል የኦንላይን ሥልጠና እያዘጋጀን ነው። ገሚሶቹ ደብረ ማርቆስና ቢቸና ከተማ፣ ገሚሶቹ ገጠር ጤና ኬላ ላይ ናቸው። ረቂቁ ስድስት ሞጁል ሆኖ እያንዳንዱ የ45 ደቂቃ ቪዲዮ፣ መጨረሻው ላይ 20 የምርጫ ጥያቄ አለው። ቪዲዮው ገጠር ላይ ይከፈታል ወይ? ልኬትስ በስልክ ይማሩታል? ደግሞ ቀጫጫ እናት በበዛበት ቀበሌ ስለ ውፍረት ብናስተምር ሰው አይስቅብንም?

መስመር (መልስ)
45 ደቂቃውን ከአሁኑ ቁረጡት። በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ሆኖ የተጨመቀ ቪዲዮ በደቂቃ 4 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ አንዱ ሞጁል 170 ሜጋባይት፣ ስድስቱ አንድ ጊጋ መሆኑ ነው። ያንን ዳታ ከኪሷ የምትገዛው ባለሙያዋ ናት። ትምህርቱን በድምፅና በሥዕል አድርጉት፤ በ32 ኪሎቢት የተቀዳ የ5 ደቂቃ ድምፅ ከ1.2 ሜጋባይት አይበልጥም። ቪዲዮ የእጅ እንቅስቃሴ ለሚታይበት ቦታ ብቻ ይሁን፣ ያውም ከ3 ደቂቃ ሳያልፍ።

ሙድል (የኦንላይን ኮርስ ማስተማሪያ ሥርዓት) በስልክ መተግበሪያው የምትጠቀሙ ከሆነ ባለሙያዎቹ ለወርሃዊ ስብሰባ ወረዳ ሲመጡ በዋይፋይ ኮርሱን በሙሉ ስልካቸው ላይ ያውርዱት። ፈተናው ላይ «ከመስመር ውጭ ይፈቀድ» የሚለው ምርጫ መከፈት አለበት። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ለፈተናው የሰዓት ገደብ ካበጃችሁለት ያለ ኔትወርክ አይሠራም። መልሱ ኔትወርክ አግኝቶ ሳይላክ መተግበሪያውን ከስልኳ ያጠፋች ባለሙያም ልፋቷ ቀረ። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት።

ሚዛን (መልስ)
ልኬትን በስልክ ማየት ይቻላል፣ እጅ የሚታረመው ግን በአካል ነው። ግማሽ ቀን ክላስተር ጤና ጣቢያው ላይ ሰብስባችሁ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለካኩ። አንዲት 62 ኪሎ የምትመዝን ሴት ቁመቷ 1.56 ሜትር ከሆነ ቢኤምአይዋ (ኪሎው ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር) 25.5 ነው፤ ከ25 ስላለፈ ክብደቷ ከመጠን በላይ ነው። ሹሩባዋን ከነሻሿ ለክተው 1.58 ቢጽፉ 24.8 ይወጣና «ጤናማ» ተብላ ትሄዳለች። ሁለት ሳንቲም ናት ልዩነቷ።

ስለዚህ ሻሽ፣ ጫማ፣ ጋቢ ይውለቅ። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳ ይንኩ፤ ዐይን ቀጥታ ወደ ፊት ይይ። ሚዛን የአፈር ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አንጥፉ። ትክክለኛነቱን በሳምንት አንዴ በውሃ መፈተሽ ነው፦ ባዶውን ጀሪካን መዝኑ፣ 20 ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ውሃው ግን በሊትር ጠርሙስ እየተለካ ይግባ፤ ባለ 20 የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛልና ጤነኛውን ሚዛን ተበላሽቷል ታሰኛላችሁ።

ወገብ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት እምብርት ላይ መለካት ነው። ትክክለኛው ቦታ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው። መቀነት ይፈታ፤ ትንፋሽ በተፈጥሮው ሲወጣ ይነበብ። ሁለት ጊዜ ለክተው ከ1 ሳንቲም በላይ ከተለያየ ይድገሙት። ሴት 80፣ ወንድ 94 ሳንቲም ሲያልፉ ሥጋቱ ይጀምራል፤ 88 እና 102 ሲያልፉ ይከብዳል። የልብስ ሰፊ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል፤ ከብረት ሜትር ጋር አስተያዩት። ነፍሰ ጡር በዚህ ሁሉ አትመዘንም። የሕፃናት የክንድ ጥብጣብም ቀጫጫነትን ለመለየት የተሠራ ስለሆነ ለውፍረት አይጠቅምም።

ጓዳ (መልስ)
ሦስተኛዋን ጥያቄ፣ ሰው አይስቅብንም ወይ ያላችሁትን፣ እኔ ልውሰዳት። ሥጋታችሁ ልክ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገር ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ቀጫጫ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ነበሩ። አንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ልጅና የወፈረች እናት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጥም፤ ተለክታ ነው የምትመከረው። ቢኤምአይዋ ከ18.5 በታች የሆነችን ሴት «ዘይት ቀንሺ» ማለት ጉዳት ነው። የምታጠባ እናትም በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ስለሚያስፈልጋት የአራስ ገንፎና አጥሚት አትንኩባት።

ከውጭ የተቀዳ ሞጁል ስለ ፒዛና በርገር ያወራል። ሞጣና ቢቸና ላይ ካሎሪው ያለው ዘይቱ፣ ስኳሩና አረቄው ውስጥ ነው። ሒሳቡን በቤት ልክ አስተምሯቸው፦ አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ዘይት ከጨረሰ ለሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 275 ካሎሪ ይደርሰዋል። ወደ 3 ሊትር ቢወርድ 165 ይሆናል። «ዘይት አታብዙ» የሚለው ምክር ከጆሮ አያልፍም፤ ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጎኑ ላይ ጽፈው በወሩ ማየት ግን ለውጥ ያመጣል። ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆሩ ቀርቶ በሾርባ ማንኪያ ይለካ፤ አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ናት። የረጋ ዘይት ትተው ኑግ የያዙ ሰዎች ቀለለን ብለው ያበዙታል፤ የቅባቱ ዓይነት ይለያል እንጂ ካሎሪው ያው ነው። «ጾመኛ አይወፍርም» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጾም ናቸው።

ሻይ በቀን አራት ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 50 ግራም ይጠጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2,000 ካሎሪ ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ነው፣ 25 ቢሆን ይመረጣል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ 110 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ባሎች ይህችን ሲሰሙ ዝም ይላሉ።

ዘጮቄ
እናመሰግናለን። ቪዲዮውን እንቆርጠዋለን። ምዘናውስ? 20ው ምርጫ ይበቃል?

ሚዛን
አይበቃም፤ የሚለካው ትዝታን ነው። ግማሽ ቀኑ ላይ ሁለት ሠልጣኞች ሳይተያዩ አንድን ሰው ይለኩ፤ ቁመትና ወገብ ላይ ልዩነታቸው ከ1 ሳንቲም ካለፈ ሁለቱም ይድገሙ። ከጽሑፉ ፈተና አምስት ጥያቄ ብቻ አስቀሩ፣ ሁሉም በሰው ታሪክ መልክ ይሁኑ።

ጓዳ
ምክሩን ደግሞ በቴሌግራም መስማት ትችላላችሁ። እያንዳንዷ ሠልጣኝ ከባልደረባዋ ጋር የሁለት ደቂቃ ምክር ተለማምዳ በድምፅ ትላክ፤ ሱፐርቫይዘሩ በድምፅ ይመልስ። የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ከማዘዟ በፊት ጠይቃለች ወይ? የእውነተኛ ተገልጋይ ስም፣ ፎቶም ሆነ ድምፅ ግሩፑ ላይ አይውጣ። ወደ ጤና ጣቢያ መቼ እንደምትልክም በቃሏ ትናገር፦ ቢኤምአይ 30 ከሆነ ወይም ካለፈ፣ የደም ግፊት 140/90 ከደረሰ፣ ወይም የውሃ ጥምና የሽንት መመላለስ ከበዛ። ይህን ሳትስት ያልመለሰች ቀሪው ቢሟላላት እንኳ አትለፍ።