አስቸኳይ፦ ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያ የዒላማ ጠመንጃ የቱ ይሻላል? ለእሁድ ነው

የቧንቧ ውሃው (ጠያቂ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡40
ሰላም ጀመዓው። ቶሎ መልሱልኝ። የእህቴ ልጅ የዒላማ ተኩስ ይለማመዳል። የሚተኩስባት ጠመንጃ ትናንት ተበላሸች። ከአስር ጥይት አራቱ ይከሽፋል። ቃታውን ይስባል፣ ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ዝም። እሁድ ውድድር አለበት። እህቴ በድምፅ መልእክት «አንተ ወታደር ነበርክ፣ የቱን ልግዛለት?» አለችኝ። ድምፅዋ እንባ እንባ ይላል። እኔ ክላሽ ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። የእርሳስ ቁራጭ የምታክለውን ይቺን ትንሽ ጥይት ግን አላውቃትም። ዛሬ ማታ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ።

ሕግ ይቅደም
ወንድሜ፣ የምትለው ነገር ከባድ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብበኸዋል? ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ያስጠይቃል። ለልጅ ጠመንጃ ይገዛል እንዴ? እኛ አገር ሠርግ በመጣ ቁጥር ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ያ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። የሚያርፈው የሰው ቆርቆሮ ላይ፣ የሰው ራስ ላይ ነው። እኔ ይህን ስናገር ዓመታት አለፉ፣ የሚሰማኝ ጠፋ። እባክህ እህትህን ምከራት።

አባ ወረባቦ
ልጄ፣ አትረበሽ። እኔ በ12 ዓመቴ በአባቴ ምንሽር ነው የጀመርኩት። አያቴ ደግሞ በውጅግራ። ትከሻዬ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር፣ ግን ተኳሽ ወጣኝ። ልጁን የልጅ መጫወቻ አታሲዙት። የምትከሽፈዋን በነጭ ጋዝ እጠቧት፣ ትነሣለች። ዓይኔ አይቶታል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። በ2014 ደሴ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትንሹ ልጄ ዛሬም በር ጓ ሲል አልጋ ስር ይገባል። እኛ ልጆቻችንን ከዚያ ድምፅ ለማራቅ እንለፋለን። አንተ ደግሞ የቱን ልግዛ ትላለህ። ለምን ኳስ አይጫወትም?

የቧንቧ ውሃው (ጠያቂ)
ኧረ በአላህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስቸኩል ዋናውን ሳልናገር ቀረሁ። እህቴ ያለችው ጀርመን ነው፣ ደቡቡ ጋ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። የሚተኩሰው በክለብ፣ አሰልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ነው። ዒላማው ወረቀት ነው። እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል። እኔም በዚያ ሰሞን እዚሁ ነበርኩ። ልጁ እዚያ አገር ሲገባ ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር። በዚህ ክለብ ነው አፉን የፈታው። ለዚህ ነው እናቱ እንዲህ የምትሆነው።

ፊኛና ከረሜላ
እኔ በዓል ሲሆን ፒያሳ ላይ ፊኛ በአየር ጠመንጃ አስተኩሳለሁ። ሰባት ፊኛ በሰባት ጥይት ያፈነዳ አንድ ልጅ አለ፣ ከረሜላዬን ጨርሶብኝ እሱ ሲመጣ ዕቃዬን መሸከፍ ጀምሬያለሁ! ግን ከልቤ ልንገርህ፣ ልጅ በአየር ጠመንጃ ነው መጀመር ያለበት። ድምፁ አያስደነግጠውም፣ ትከሻውን አይመታውም። የሚደነግጥ ልጅ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዴ ከለመደበት መልቀቅ አይችልም።

የሐራው ሹፌር
ነጭ ጋዝ ነው መፍትሔው። በደንብ ነክሮ ማሳደር። እኔ የመኪና ኖዝል ሳይቀር በሱ ነው የማጸዳው።

ከሐይቅ እስከ ኡልም
የሐይቅ ልጅ ነኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ኡልም ከተማ አጠገብ ነው፣ ልጄም የመንደራችን ሹትሰንፌራይን አባል ናት። ሹትሰንፌራይን ማለት የተኩስ ክለብ ነው። እዚህ አገር ትንሽ መንደር ሁሉ አንድ አያጣም። ቀስ ብለህ አንብበኝ።

ለእሁድ የሚገዛ ጠመንጃ የለም። እህትህ ዩሮውን ጠረጴዛ ላይ ብትዘረግፈው ማንም አይሸጥላትም። እዚህ ልጅ ከ12 ዓመቱ በአየር ጠመንጃ፣ ከ14 ዓመቱ ደግሞ በዚች በ5.6 ሚሊሜትሯ ትንሽ ጥይት መተኮስ ይፈቀድለታል። እሱም በተኩስ ሜዳ፣ በወላጅ ፈቃድ፣ አሰልጣኝ እያየው ነው። የራሱ ማድረግ የሚችለው 18 ሲሞላው ነው። እናቱ በስሜ ልያዝ ብትል ቢያንስ 12 ወር የክለብ አባል ሆና አዘውትራ መተኮስ አለባት። ፈተናም አለ። ቤቷ የብረት ካዝናም ማስገባት አለባት። ጥሩ ሕግ ነው፣ አልከፋበትም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምትደውለው ለአሰልጣኙ ነው። ሌላ የክለብ ጠመንጃ ይኖራል፣ ከጎረቤት ክለብም ይዋሳሉ። ችግሩ ልኩ ነው። ልጁ ክንዱን በክርኑ አጥፎ የሰደፉን ጫፍ ክርኑ እጥፋት ውስጥ ያስገባ። የሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ በቀላሉ ካረፈ ልኩ ነው። ጣቱ ከተንጠራራ ሰደፉ ረዝሞበታል። የብዙዎቹ የዒላማ ጠመንጃዎች ሰደፍ ይረዝማል፣ ያጥራል።

ልጄ የመጀመሪያ ዓመቷን የጨረሰችው በረዘመባት ጠመንጃ ነው። አንገቷን እያሰገገች፣ ወገቧን ወደ ኋላ እያጎበጠች። ጥይቶቿ ወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ነበሩ። እኔና እናቷ ተሰጥኦ የላትም ብለን በልባችን ደምድመን ነበር። አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ መጣና ከሰደፉ ጫፍ ሁለት ማስረዘሚያ አወጣላት። በዚያው ቀን ጥይቶቿ ተሰበሰቡ። ያን ቀን ሳስታውስ እስካሁን ያንሰፈስፈኛል፣ ምክንያቱም ልናስቆማት አንድ ሳምንት ነበር የቀረን።

እህትህ የግድ ገንዘብ ማውጣት ካለባት ጓንት ትግዛለት። ጠመንጃውን የሚደግፈውን እጁን የጠመንጃው ማሰሪያ ደም እያቆመ ያሳምመዋል። የተኩስ ጃኬቱን ግን ከክለቡ ልጆች ያገለገለ ትፈልግ። በ14 ዓመት ልጅ በየወሩ ያድጋል።

የቧንቧ ውሃው (ጠያቂ)
አላህ ይስጥህ። ግን እህቴን አውቃታለሁ፣ «እሺ ዓመቱን እጠብቃለሁ፣ ከዚያስ የቱን?» ማለቷ አይቀርም። ስም ጥራልኝ። ልጁ ደግሞ ግራኝ ነው።

ከሐይቅ እስከ ኡልም
ግራኝነቱን አሁን ነው የምትነግረኝ? ዋናው እሱ ነው። ከእጁ ይልቅ ዓይኑ ይታይ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በመዳፎቹ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ይሥራና ሩቅ ያለ ነገር በሷ ይመልከት። አንድ በአንድ ዓይኑን ሲጨፍን ነገሩን ሳይጠፋበት የሚያየው ክፍቱ ዓይን ነው ገዢው ዓይን። ግራ ከሆነ የግራ ሰደፍ ያለው ጠመንጃ ያስፈልገዋል። አሁን የሚተኩሰው በቀኝ ጠመንጃ ተጠማዞ ከሆነ እሱንም አሰልጣኙ ይይ።

ስም ካልክ፣ ያገለገለ አንሹትዝ፣ የልጆች ልክ ያለው፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ሥራው እዚሁ ኡልም ነው። ድርጅቱ በፈረንጆቹ 1856 ዜላ ሜሊስ በምትባል የጀርመን ከተማ ተጀምሮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው ወደዚህ የመጣው። ከክለብ አባላት እጅ ያገለገለ ይገኛል፣ በአዲሱ ዋጋ መደንገጥ የለባትም። ቀለል ያለ ከፈለገች የቼኮቹ ሲዜድ 457 አለ። በየጥይቱ በእጅ የሚቀባበል ይሁን። ከኋላ ዓይን የሚጠጋበት ክብ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይኑረው፣ ዲዮፕተር ይሉታል። ጠመንጃው ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር አሁን አያስፈልገውም። በ50 ሜትር የአስር ነጥቧ ክብ 10.4 ሚሊሜትር ናት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። በቀዳዳው ነው የሚመቷት።

ጡረተኛው ግምጃ ቤት
ሁሉም ስለ ግዢ ያወራል። የተበላሸችውን ማን አያት? 26 ዓመት መሣሪያ ጠግኛለሁ፣ እስቲ ስሙኝ።

የክላሽ ጥይት ቂጧ መሃል ላይ ካፕሱል አለ። ይቺ የላትም። የሚቀጣጠለው ነገር በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ነው ያለው። መርፌው ጠርዙን ጨፍልቆ ነው የሚያስነሣት። ስለዚህ የከሸፈችውን ጥይት ያውጡና ጠርዟን ይዩ። ምቱ ጥልቅና ጥርት ያለ ከሆነ ጠመንጃዋ ንጹህ ናት፣ ጥይቱ ነው፣ ሌላ ካርቶን ይቀየር። ምቱ ፈዛዛ ከሆነ ወይ መርፌው አልቋል፣ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ የረጋ ቅባት ይዞታል። ሌላም አለ። የነዚህ ጥይቶች እርሳስ ሰም መሰል ቅባት አለው። ሰሙና ጥላሸቱ መጉረሻው ውስጥ ይከማቻል። ጥይቷ እስከ መጨረሻው አትገባም፣ የመርፌው ጉልበት እሷን በመግፋት ያልቃል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ምት ትከሽፍና በሁለተኛው ትነሣለች። ልጁን ጠይቁት፣ እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ?

ደግሞም ባዶዋን ቃታ እየሳበ ይለማመድ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁት። በአንዳንዶቹ መርፌው በባዶ ሲመታ የመጉረሻውን ከንፈር ያበላሸዋል። ብዙ የዒላማ ጠመንጃዎች ለዚህ ልምምድ ለብቻው የተሠራ ነገር አላቸው፣ እሱን ይጠቀም።

ሲከሽፍበት ቶሎ አይክፈት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞረ 30 ሰከንድ ይቁጠር። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ደግሞ ያቁም። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ ሌላ ከተተኮሰ በርሜሉ ይጎዳል፣ ሰውም ይጎዳል። ጥገናውን የክለቡ ባለሙያ ይሥራው፣ እናቱ አትንካው።

ነጭ ጋዝ የምትሉ ወንድሞቼ፣ አታሳድሩ። ቆሻሻውን አሟሙቶ ወደ መርፌው ቤት ያወርደዋል፣ ቅባቱንም ያጥበዋል። አባ ወረባቦ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ መጫወቻ አይበሏት። 2.6 ግራም እርሳስ ናት፣ በሰከንድ 330 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ጉልበቷ የክላሽ አንድ አሥራ አራተኛ ቢሆንም ትገድላለች፣ አፈሙዙን ቀና አድርጋችሁ ብትለቋት እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ርቃ ትደርሳለች።

አባ ወረባቦ
እሺ፣ ያልከውን ተቀብያለሁ። ምንሽሩን ግን አልተውም።

የሐራው ሹፌር
ትንሽ ነጭ ጋዝ በጨርቅስ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ
አነበብኩት ሁሉንም። ጥይት የሌለባት መሆኗን በምን ያውቃሉ? ልጆች አብረው ነው የሚቆሙት አይደል?

ከሐይቅ እስከ ኡልም
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። በማይተኮስበት ጊዜ ሁሉ በበርሜሉ ውስጥ ባለ ቀለም ክር ይገባል፣ ከሁለቱም ጫፍ ተንጠልጥሎ ከሩቅ ይታያል። ክሩ ውስጥ ካለ ጥይት መግባት አይችልም። ክሩን ያላስገባ ልጅ የዚያን ቀን ልምምድ ያበቃለታል፣ ልጄ አንዴ ተባርራለች። አልቅሳ መጣች፣ ከዚያ ወዲህ ረስታ አታውቅም። ሲጨርሱም እርሳስ ስለነኩ እጃቸውን ሳይታጠቡ ምግብ አይነኩም።

የቧንቧ ውሃው (ጠያቂ)፣ ከምሽቱ 4፡15
ሁሉንም በድምፅ አንብቤ ላክሁላት። አብሽሩ፣ የምትለውን እነግራችኋለሁ። ገና አላየችውም፣ ሥራ ላይ ትሆናለች።

ፊኛና ከረሜላ፣ እሁድ
ልጁ እንዴት ሆነ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ፣ ሰኞ
እኔም እየጠበቅሁ ነው።

ጡረተኛው ግምጃ ቤት፣ ረቡዕ
የከሸፈችውን ጥይት ፎቶ ከላከችልህ እዚህ ለጥፈው። ጠርዟ ላይ ያለውን ምት ቀረብ አድርጋ ታንሳው።