ደሴ ላይ ዛፍና ጥቁር ድንጋይ አጣምሮ መትከል ይቻላል?

ጠራቢው (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በድንጋይ ጠረባ የምተዳደር የደሴ ልጅ ነኝ። ካስል በምትባል የጀርመን ከተማ ስለተሠራ ነገር ካነበብሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ዮዜፍ ቦይስ የተባለ የጥበብ ሰው በ1982 እ.ኤ.አ. 7,000 የባዛልት ድንጋይ ሙዚየም ፊት ለፊት አስከመረ። ከክምሩ አንድ ድንጋይ የሚነሣው አንድ ዛፍ ሲተከል ብቻ ነው፤ ድንጋዩም ዛፉ አጠገብ ይቆማል። ከተማዋ ክምሩ እንዲነሣላት ከፈለገች መትከል ነበረባት! ሰውየው በ1986 ሞተ፤ የመጨረሻውን ዛፍ በዓመቱ ልጁ ተከለው።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ድንጋዩ አለመጠረቡ ነው። የቀለጠ ዓለት ሲቀዘቅዝ ራሱ እየተሰነጠቀ ባለ ብዙ ጎን ዓምድ ይሆናል፤ መሮ አያሻውም። መጀመሪያ ድንጋዩ ከችግኙ ጎልቶ ይታያል፤ ዓመታት ሲያልፉ ዛፉ ይበልጠዋል።

ባዛልት ደግሞ የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። በሰፈራችን ዳገት በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ በጋው ሳይጋመስ ግማሹን ፍየል ይቀረጥፈዋል፣ ግማሹን ባጃጅ ይጨፈልቀዋል። ከጎኑ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ቢቆምለትስ? የትኛው ዛፍ ይስማማል? ድንጋዩ ሥሩን ይጎዳ ይሆን?

አትክልተኛዋ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ካራቅኸው አይጎዳውም። ለደሴ ብርድ ወይራና ጽድ ይሆኑሃል፤ ዕድገታቸው ግን አዝጋሚ ነውና ታገሥ። ባሕር ዛፍ አታስብ። ድንጋዩ ባጃጅ ይመልሳል እንጂ ፍየል አይመልስም፤ ችግኙ ከፍየል አፍ በላይ እስኪሆን በእሾህ እጠረው።

የላስታው፦
ልጄ፣ ዳገት ከሆነ ከዛፉ በፊት ጎርፉን አስብ። ላሊበላ መጥተህ እይ፤ አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያኖቹን ከዓለት ሲፈለፍሉ የክረምቱ ውሃ የሚወርድበትን ቦይም አብረው ቆፍረዋል። ዮርዳኖስ የምንለው ቦይም በሰው እጅ የተቦረቦረ ነው። አንተም ከችግኙ በላይ ትንሽ ቦይ ቅደድና ትርፉን ውሃ ወደ ጎን መልሰው፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ ድንጋይህም ችግኝህም ቦርከና ወንዝ ይገባሉ።

ጠራቢው፦
እኅቴም አባባም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጎርፉን ጨርሶ አላሰብሁትም ነበር። እንግዲህ ድንጋዩን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አቀርባለሁ፤ ጉድጓዱንና ቦዩን ግንቦት ላይ እንቆፍራለን። ደሴ አካባቢ የወይራ ችግኝ የሚያፈላ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።