«መርጣ ነው» ስንል

እህቶች፣ ሰሞኑን ከአገር ቤት አዲስ የመጣችው እህታችን «ትምህርት ልጀምር ወይስ ሥራ ልያዝ?» ብላ ብትጠይቅ ሁላችሁም «ህልምሽን ተከተይ» አላችኋት። በቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ከአምስት ዓመት በፊት ለሌላ ሴት ይህንኑ ብያለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እኔ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው ትምህርት የጀመርኩት። ሰው ሁሉ «ጎበዝ!» ይለኛል። ጎበዝ ነበርኩ፣ አልክድም። ግን እህቴ ቤት ያለ ኪራይ ነበር የምኖረው። እናቴ መጥታ ስምንት ወር ልጄን ይዛልኛለች። በባሌ ቪዛ ብገባም መሥራት ይፈቀድልኝ ነበር። ቋንቋውንም ወላጆቼ ከልጅነቴ ከፍለው አስተምረውኛል። ይህን ሁሉ ለዚያች ሴት አልነገርኳትም። የነገርኳት ሌሊት እየተነሳሁ ማጥናቴን ብቻ ነው።

እሷ አሥር ዓመት የሠራች ነርስ ነበረች። እዚህ ግን ሙያዋ እስኪታወቅላት የቋንቋ ፈተናው፣ የሰነድ ማረጋገጫው፣ ክፍያው አላልቅ አለ። አንድ ቀን ቤቷ ስሄድ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የባሏ ሺፍት በሰማያዊ፣ የሷ በቀይ። ልጁን ማን እንደሚረከብ ደግሞ በእርሳስ፣ ተፍቆ ተፍቆ። ማክሰኞ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ማንም የለም። በዚያች አንድ ሰዓት የተነሳ የቀን ሥራዋን ትታ የሌሊት ጽዳት ያዘች። «ሌሊት መሥራት መርጣ ነው» ይላሉ ሰዎች። የመረጠላት ያ ባዶ መስመር ነው።

ቪዛዋም የ«ጥገኛ» ነው። ቃሉ በኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚቀፍ ታውቃላችሁ፤ የሆድ ትልም የሚጠራበት ነው። በብዙ አገር የሚስት ፈቃድ በባሏ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ትዳሩ ቢፈርስ ፈቃዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። «ካልተስማማሽ ፍቺው» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል።

*

መልስ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲን ያሳየችው አንዱ ነገርም ይኸው ነው። በሀብታም አገሮች የወንድና የሴት ደመወዝ ልዩነት በብዛት የሚመጣው የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እኛ ስንማር ልጃችንን የያዘችልን ሞግዚትስ? የሷን ልጅ ማን ያዘላት? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ በዓለም 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከ4ቱ 3ቱ ሴቶች ናቸው። እኔ ሞግዚቴን ስለ ልጇ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

*

መልስ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ አትቆጡኝ። ሁሉን ነገር «ዕድል ነው» ካልን የሰው ጥረት የት ገባ?

*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማን ይቆጣሃል። ያቺ ነርስ ከእኔ ያነሰ አልጣረችም፤ እንዲያውም ትበልጠኛለች። ለአዲስ መጪዋ ጥረታችሁን ንገሯት፣ ግን ኪራዩን ማን እንደከፈለላችሁም ጨምሩበት።

አዲሷ እህታችን፣ ያለሽን ሳናውቅ ነው ምክር ያዥጎደጎድንብሽ። ቪዛሽ ሥራ ይፈቅዳል? ልጅ አለሽ? ካለሽ ማክሰኞ ከ8 እስከ 9 ማን ይይዝልሻል?